ፑሊ መስሎ የተቀመጠው ዳምፐር፦ አፈታተሹ፣ አፈታቱና አገጣጠሙ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ የጭነት መኪና የሐረጎን ዳገት ሲጀምር ሹፌሩ ማርሽ ይቀንስና ሞተሩን በአንድ ድምፅ ይይዘዋል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው ጉዞ መኪናው 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፤ የሞተሩ ዙር ግን ከኩርባ ኩርባ ብዙም አይለወጥም። መኪናው ስለሚያዘግም ሞተሩም የተዝናና ይመስላል። ውስጥ ያለው ክራንክ ሻፍት፣ የፒስተኖቹን ግፊት ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ፣ ግን ከሁሉ የከፋ ፈተናውን የሚያየው በእንዲህ ያለ ሰዓት ሊሆን ይችላል። ከፈተናው የሚያወጣው ዕቃ ከሞተሩ ፊት ለፊት ነው ያለው። ችንጋ የተጠመጠመበት፣ አቧራና ዘይት የለበሰ፣ ሁላችንም ፑሊ እያልን የምንጠራው ክብ ብረት ነው። ትክክለኛ ስሙ ዳምፐር ነው።

እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ሞተር በመፍታትና በመግጠም ኖሬያለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ «ዳምፐሬ ተበላሸ» ብሎ የመጣ ሹፌር አላስታውስም። ችንጋ ቶሎ ቶሎ ይበላብኛል የሚል ይመጣል፤ የፊቱ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው ቀለበት) ያንጠባጥባል የሚል ይመጣል፤ ሞተሩ ፊቱን ያንኳኳል የሚል ይመጣል። ዳምፐር ሲሞት ሳይጮኽ ስለሚሞት የሚጠረጥረው የለም። ከዚህ በታች የጻፍኩት ሳይሞት እንዴት እንደሚመረመር፣ ከሞተ ደግሞ እንዴት እንደሚቀየር ነው።

ነገሩ ምንድን ነው?

ክራንክ ሻፍት ወፍራም ብረት ስለሆነ የማይጠመዘዝ ይመስላል። ይጠመዘዛል። ነዳጁ በተቀጣጠለ ቁጥር ፒስተኑ በቢዬላው (ከዘንጉ ጋር በሚያያይዘው ብረት) በኩል ዘንጉን ይገፋዋል፤ የኋላ ጫፉ ደግሞ ፍላይዊል የሚባለውን ከባድ ክብ ብረት ተሸክሞ እሺ አልልም ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ዘንግ እንደሚጨመቅ እርጥብ ጋቢ በትንሹ ይጠመዘዛል፤ ግፊቱ ሲያልፍ ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ ከነበረበትም ትንሽ አልፎ ይሄዳል። መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዲግሪ በታች ነው። ብዛቱ ግን አይጣል ነው፦ 6 ሲሊንደር ያለው ሞተር በአንድ ዙር 3 ጊዜ ይቀጣጠላል፤ በደቂቃ 2000 ዙር ሲሄድ ዘንጉ በየሰከንዱ 100 ጊዜ ይገፋል ማለት ነው። በ4 ሲሊንደር ደግሞ በአንድ ዙር 2 ጊዜ ነው።

ግፊቱ ብቻውን ዘንጉን አይሰብረውም። የሚሰብረው ግፊቱ ከዘንጉ የራሱ ቅኝት ጋር ሲገጥም ነው። ወሎ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ አምባሰልና ባቲ የሚባሉት ቅኝቶች እንኳን ስማቸውን ያገኙት ከእኛው አገር ነው። እኩል የተቃኙ ሁለት ክራሮችን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣችሁ የአንዱን ክር ብትመቱ፣ ያልተነካው የሌላኛው ክር አብሮ ይንቀጠቀጣል። ክራንክ ሻፍትም በርዝመቱ፣ በውፍረቱና በተሸከመው ክብደት የተወሰነ የራሱ ቅኝት አለው። የአንዱ ዘንግ ቅኝት በሰከንድ 200 ንዝረት ነው እንበል። በአንድ ዙር 3 ጊዜ የሚመጣው ግፊት ከዚህ ጋር የሚገጥመው በደቂቃ 4000 ዙር ላይ ነው፤ ይህ ደግሞ ከባድ የናፍጣ ሞተር የማይደርስበት ፍጥነት ነው። ችግሩ ግፊቱ ለስላሳ አለመሆኑ ነው። በውስጡ ፈጠን ፈጠን ያሉ ሌሎች ንዝረቶችን ይዞ ይመጣል፤ በአንድ ዙር 6 ጊዜ የሚመጣው ከዚያው ቅኝት ጋር 2000 ዙር ላይ ይገናኛል። 2000 ዙር ደግሞ ሐረጎን የምንወጣበት ድምፅ ሊሆን ይችላል።

ዘንጉ በረዘመ ቁጥር ቅኝቱ ይወርዳል፣ አደጋውም ወደምንነዳበት ፍጥነት ይቀርባል። በአንድ ረድፍ 6 ሲሊንደር ያላቸው እንደ አይሱዙ ኤፍ ኤስ አርና ሲኖትራክ ያሉት ለዚህ ነው ያለ ዳምፐር የማይኖሩት። በየገጠሩ እህል የሚፈጨው ባለ አንድ ሲሊንደር የወፍጮ ሞተር ግን ዘንጉ አጭርና ደንዳና ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ዳምፐር የለውም፤ ባለ ወፍጮዎች ይህን ጽሑፍ ማንበብ ሳያስፈልጋቸው ይኖራሉ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ 6 ሲሊንደር ሞተሮች ሲመጡ ዘንጎች መሰባበር ጀመሩ፤ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር በፍትጊያ የሚሠራ ዳምፐር ያዘጋጀው ያን ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ደግሞ ግራፍ ዜፔሊን የተባለው የጀርመን አየር መርከብ ወደ አሜሪካ ሲጓዝ ከአምስት ሞተሮቹ አራቱ ተሰብረው ፈረንሳይ ላይ ለማረፍ ተገደደ። ምክንያቱ ይኸው የዘንግ መጠማዘዝ ንዝረት ነበር።

ዳምፐሩ የሚቀመጠው ፊት ላይ ነው፤ ከፍላይዊሉ የራቀው የዘንጉ ጫፍ ከሁሉም በላይ የሚወዛወዘው እሱ ነውና። በላስቲክ የሚሠራው ሦስት ክፍል አለው፦ ከዘንጉ ጋር የታሰረ እምብርት፣ ከባድ የውጭ ቀለበት፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ የተጣበቀ ላስቲክ። እምብርቱ ከዘንጉ ጋር ሲንቀጠቀጥ ከባዱ ቀለበት በነበረበት ፍጥነት መሄድ ይፈልጋል፤ መካከል ያለው ላስቲክ ወዲህና ወዲያ እየታሸ ንዝረቱን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ክራር ደርዳሪ በግራ እጁ ጣቶች የማይፈልጋቸውን ክሮች እንደሚያፍን ማለት ነው። የላስቲኩ ጥንካሬና የቀለበቱ ክብደት ለዚያ ዘንግ ተብለው የተቃኙ ናቸው። ከታላላቅ ሞተሮች ብዙዎቹ ደግሞ በፈሳሽ የሚሠራ ዳምፐር አላቸው፦ ዙሪያው የተዘጋ ቆርቆሮ፣ በውስጡ ከምንም ያልታሰረ ከባድ ቀለበት፣ በመካከላቸው በጣም ወፍራም የሲሊኮን ዘይት።

የራሴ ጥፋት

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት ይህን ልናገር። ገና ጀማሪ ሳለሁ የአንድ ጭነት መኪና የዳምፐር ቀለበት ከላስቲኩ ተላቆ እየተንሸራተተ መጣ። ባለ መኪናው ወደ ወልድያ የሚያደርሰው ጭነት ነበረው፤ አዲሱ ዕቃ ከተማው ውስጥ አልተገኘም። እኔም ብልሃት ያገኘሁ መስሎኝ ቀለበቱን ከእምብርቱ ጋር አራት ቦታ በብየዳ አያያዝኩት። ችንጋው ቀጥ ብሎ ዞረ፤ ድምፅ የለም፤ መወላገድ የለም። «አብሽሩ ጋሼ፣ ከእንግዲህ አይነቃነቅም» አልኳቸው። እውነቴን ነበር፤ አልተነቃነቀም። ችግሩም እሱ ነበር፤ ዳምፐር ካልተነቃነቀ ዳምፐር አይደለም።

ከጥቂት ወራት በኋላ መኪናው በሌላ መኪና ተጎትቶ ተመለሰ። ካርተሩን (የሞተሩን የሥር ዘይት መያዣ) አውርደን ስናየው ዘንጉ ከፍላይዊሉ አጠገብ ለሁለት ተሰብሯል። ስብራቱን እስካሁን አልረሳሁትም። ቀጥ ብሎ አልተቆረጠም፤ በግድም ተጠምዞ ነው የሄደው። ከዘይቱ ቀዳዳ አፍ ጀምሮ አብዛኛው ክፍል እንደ ተወለወለ ድንጋይ ለስልሷል፤ በላዩ ላይ ቀጫጭን የቅስት መስመሮች ተደራርበዋል፣ ልክ ቦርከና ሲጎድል ዳሩ ላይ ደረጃ በደረጃ የሚተወውን ይመስላል። ጫፉ ላይ ጣት የምታህል ቦታ ብቻ ሻካራና አዲስ ነበረች። በአንድ ቀን አልተሰበረም ማለት ነው። በየጉዞው ትንሽ ትንሽ ሲሰነጠቅ ሰንብቶ የመጨረሻዋ ቁራሽ ናት ሐረጎ ላይ እጅ የሰጠችው። ጋሼ ስብራቱን አገላብጠው አዩና «አንተ ልጅ፣ አብሽሩ ያልከኝ ይህን ነው?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ዝግጅት

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁማችሁ ጎማዎቹን በታኮ ያዙ፤ የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀሉ። የእጅ ባትሪ፣ የቀለም ብሩሽ፣ ደረቅ ጨርቅ፣ ቀጭን ሽቦ፣ የፑሊ መንቀያና የማጥበቂያውን ልክ የሚያሳይ ቶርክ ቁልፍ አዘጋጁ። ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን መወላገድን የሚለካ ባለ መርፌ መለኪያ) ካላችሁ በጣም ጥሩ። አንድ ነገር ጨምሩ፦ ነጭ የጥፍር ቀለም። በመሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ የጥፍር ቀለም ያየ ሁሉ ይስቅብኛል፤ ዘይትና ሙቀት ችሎ በብረት ላይ የሚቆይ፣ በማንኛውም ሱቅ በርካሽ የሚገኝ ሌላ ምልክት ማድረጊያ ግን አላገኘሁም።

1. ዓይነቱን ለዩ

ከፊት ሆናችሁ ስትመለከቱ በእምብርቱና በውጭው ቀለበት መካከል ጥቁር የላስቲክ ክብ ከታየ ባለ ላስቲክ ነው። ላስቲክ ሳይታይ ዙሪያውን የተዘጋ፣ ለስላሳ ፊት ያለው ወፍራም ሰሐን የሚመስል ከሆነ ባለ ፈሳሹ ነው። የሲኖትራክ ሆዎ ሞተሮች ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ይህን ሁለተኛውን ነው። አንዳንድ ሞተር ላይ ፑሊው ለብቻው፣ ዳምፐሩ ከኋላው ለብቻው ይታሰራሉ፤ ፑሊውን ብቻ አይታችሁ ጨረስን እንዳትሉ።

2. አጽድታችሁ ተመልከቱ

ላስቲኩን በቤንዚን ወይም በናፍጣ አትጠቡት፤ ያሳብጠዋል። ብሩሽ፣ ሳሙናና ውኃ ይበቃሉ። ከደረቀ በኋላ መብራቱን ከጎን አስጠግታችሁ ዙሪያውን እዩ። ላስቲኩ ተሰነጣጥቋል? አብጦ ወደ ፊት ወጥቷል? ተፈርፍሮ ጎድጉዷል? በጥፍር ሲጫኑት እንደ ቆዳ መመለስ ሲገባው እንደ ደረቀ ሬንጅ ይሰበራል? ለማነጻጸሪያ ያህል፣ የሞተር አምራቹ የከሚንስ የጥገና መመሪያ ላስቲኩ ከብረቱ ፊት ከ3.2 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ከጎደለ ዳምፐሩ ይቀየር ይላል። የእናንተ ሞተር መመሪያ ሌላ ልክ ካለው እሱን ተከተሉ።

ዘይት የነካው ላስቲክ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ከኋላው ያለው ኦይል ሲል የሚያፈስ ከሆነ ዳምፐሩን ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ሙቀትም እንዲሁ ጠላቱ ነው፤ በባቲ አድርገው ወደ ሚሌ ቆላ የሚወርዱ መኪናዎች ላስቲካቸው ደጋ ለደጋ ከሚሠሩት ቀድሞ ቢደርቅ አይግረማችሁ። የውጭው ቀለበት ወደ ኋላ ሸሽቶ የሞተሩን የፊት ሽፋን የላገበት አብረቅራቂ መስመር ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

3. መስመር አስምሩ

ይህ ከሁሉም የምወደው ምርመራ ነው፤ ወጪ የለውም፣ አይዋሽም። በጥፍር ቀለሙ ከእምብርቱ ጀምራችሁ ላስቲኩን አቋርጦ እስከ ውጭው ቀለበት ጠርዝ የሚደርስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ይድረቅ። መኪናው ሥራውን ይሥራ፦ ደሴ ይውጣ፣ ጭነት ይያዝ፣ ይመለስ። ከሳምንት በኋላ ሞተሩን አጥፍታችሁ እዩት። መስመሩ እንደ ነበረ ቀጥ ብሎ ካለ ላስቲኩ ይዟል። ላስቲኩ ላይ ደርሶ ከተቆረጠና የቀለበቱ ክፍል ወደ ጎን ከሄደ ቀለበቱ እየተንሸራተተ ነው። በአንዳንድ ዳምፐሮች ላይ ፋብሪካው ራሱ እንዲህ ያለ የመስመር ምልክት ያደርጋል፤ በከሚንስ ልክ ሁለቱ መስመሮች ከ1.6 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ ዳምፐሩ አይመለስም።

የተንሸራተተ ቀለበት ሌላም ጣጣ ያመጣል። የታይሚንግ ምልክቱ (ነዳጁ የሚረጭበት ጊዜ የሚስተካከልበት) ያለው በውጭው ቀለበት ላይ ከሆነ ምልክቱ አብሮ ይሄዳል። መካኒኩ ምልክቱን አምኖ የነዳጅ ፓምፑን ያስተካክላል፤ ሞተሩ ያጨሳል፣ ጉልበት ያጣል፣ ይሞቃል፤ ፓምፑ ይወርዳል፣ ነዳጅ የሚረጨው ኖዝል ይቀየራል፣ ጥፋተኛው ግን ፊት ለፊት ተቀምጦ ያያል። ታይሚንግ አልስተካከል ብሎ ያስቸገረ ሞተር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ የአንደኛው ሲሊንደር ፒስተን በእውነት የላይኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ ምልክቱ የት እንደሚቆም አረጋግጡ።

4. ውልግድናውን ለኩ

ዳያል ጌጁን ከሞተሩ አካል ጋር አስራችሁ ጫፉን በቀለበቱ ዳር ላይ አስደግፉ፤ ከዚያ ሞተሩን በእጅ፣ በተለመደው የመዞሪያ አቅጣጫ ብቻ አዙሩ። ወደ ኋላ ካዞራችሁ ብሎኑ ሊላላ ይችላል። አንድ ጊዜ ዙሪያውን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ፊቱን ለኩ። ፊቱን ስትለኩ ክራንክ ሻፍቱን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን፣ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ፣ ገፍታችሁ ያዙት። ዘንጉ በተፈጥሮው ትንሽ የፊትና ኋላ እንቅስቃሴ አለው፤ ያን ዘንግታችሁ ከለካችሁ ደህናውን ዳምፐር ትጥላላችሁ። ጌጅ ከሌለ ሽቦውን ቀለበቱን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አስራችሁ ክፍተቱ ሲጠብና ሲሰፋ እዩ። ልኩን አትነግራችሁም፤ መወላገዱን ግን ታሳያችኋለች።

5. ባለ ፈሳሹ ከሆነ

ይህኛው ለዓይን ብዙ አይናገርም። ቆርቆሮው ላይ የመዶሻ ወይም የድንጋይ ጠባሳ ፈልጉ። በውስጡ ያለው ቀለበት ከቆርቆሮው የሚርቀው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች በሆነ ክፍተት ነው፤ ጎድጎድ ያለች አንዲት ጠባሳ ቀለበቱን ይዛ ልታስቀረው ትችላለች። በመገጣጠሚያው ላይ እንደ ማር የወፈረ ፈሳሽ ከወጣ፣ ቀለሙ ተቃጥሎ ከተላጠ ወይም ቆርቆሮው ካበጠ ያው የተበላሸ ነው። በውጭ ምንም ሳይታይበትም ውስጡ ያለው ዘይት በሙቀት ብዛት ወፍሮ ሊረጋ ይችላል። ስለዚህ ሞተሩ ለሙሉ ጥገና ሲወርድ አሮጌውን ጠርጎ መልሶ መግጠም ትልቅ ድፍረት ነው። አዲስ ዘንግ፣ አዲስ ኩሽኔታ ገዝቶ ዳምፐር ላይ የሚቆጥብ ባለ ንብረት ሲገጥመኝ የዚያን የተሰበረ ዘንግ ታሪክ እነግረዋለሁ።

6. አፈታት

ብዙ ዳምፐር በእርጅና ሳይሆን እዚህ ደረጃ ላይ ይገደላል። ብሎኑን ለማላላት ሞተሩ እንዳይዞር መያዝ ያለበት በፍላይዊሉ በኩል፣ ለዚያ በተሠራ መያዣ ነው። ቁልፉን ከሻሲው አስደግፎ በሞተሪኖ ምት ማላላት የለመዱ አሉ፤ ቁልፉ ሲያመልጥ እጅ ይሰብራል።

ከዘንጉ ጫፍ ላይ ተጠቅጥቆ የገባ ከሆነ እምብርቱ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ባለ ጥርስ ቀዳዳዎች ታገኛላችሁ። የመንቀያው ብሎኖች የሚገቡት እዚያ ነው። ባለ ሦስት ጥፍሩን መንቀያ በውጭው ቀለበት ላይ አትንጠልጥሉት፤ የምትስቡት ላስቲኩን ነው። በመዶሻ ከኋላ ማንኳኳትም እንዲሁ። መንቀያው የዘንጉን የውስጥ ጥርስ እንዳያበላሽ መካከል ላይ ጠፍጣፋ ብረት አስገቡ። ከዘንጉ ፊት በብዙ ብሎኖች ብቻ የታሰረ ከሆነ ግን ሥራው ቀላል ነው፤ ከባድ መሆኑን አትርሱ እንጂ፣ የመጨረሻው ብሎን ሲወጣ አንድ ሰው ከሥር ይያዘው። ባለ ፈሳሹ መሬት ላይ ከወደቀ፣ ምንም ባይታይበት እንኳን እኔ መልሼ አልገጥመውም።

7. አዲሱን መምረጥ

ስፋቱ ስለገጠመ፣ የችንጋው ቦይ ቁጥር እኩል ስለሆነ ተብሎ ዳምፐር አይገዛም። ሁለት መልካቸው አንድ የሆነ ዳምፐሮች የላስቲካቸው ጥንካሬ ወይም የቀለበታቸው ክብደት ሊለያይ ይችላል፤ ያን ጊዜ የተቃኙት ለየቅል ዘንግ ነው። የሞተሩን ቁጥርና የዕቃውን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ከዚሁ ጋር፣ በአንዳንድ ሞተሮች ዳምፐሩ ለሚዛን የተጨመረ ክብደት ይይዛል፤ በዚያ ላይ የሌላ ሞተር ዕቃ ከገባ የመጠማዘዙ ንዝረት ይቅርና ሞተሩ በሙሉ ይናወጣል።

ቶርኖ ቤት ሄዶ ከአንድ ወጥ ብረት ፑሊ ማስቀረጽ በአካባቢያችን የተለመደ ነው። የቶርኖ ሠራተኞቻችን እጃቸው ወርቅ ነው፤ የሚሠሩትም ፑሊ አንድ ፀጉር አይወላገድም። ለውኃ ፓምፕ ወይም ለዲናሞ ከሆነ ይሁን። በክራንክ ሻፍት ጫፍ ላይ ግን ያ ያማረ ፑሊ ከእኔ ብየዳ አይለይም፤ ላስቲክም ፈሳሽም የለውምና ንዝረቱን የሚበላለት የለም።

8. አገጣጠም

መጀመሪያ የእምብርቱን አንገት፣ ኦይል ሲሉ የሚያርፍበትን፣ በጥፍራችሁ ዳስሱ። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲስ ሲል ብታስገቡም ያፈሳል፤ አንገቱ ላይ የሚለበስ ቀጭን የብረት እጅጌ ይገዛለታል። ኪይ የምንላትን ትንሿን ብረትና መቀመጫዋን እዩ። ብዙ ሰው ዳምፐሩን ከዘንጉ ጋር የምታስረው ኪይዋ ይመስለዋል። እሷ በዋናነት ቦታውን ጠቋሚ ናት፤ ጉልበቱን የሚይዘው የብሎኑ ጥብቀት ነው። ብሎኑ ሲላላ ነው ኪይዋ የምትበላው፣ ቀጥሎም የዘንጉ አፍንጫ።

የሲሉን ከንፈር በትንሽ ዘይት አርጥቡ፤ ላስቲኩን ዘይት እንዳይነካው። ዳምፐሩን በእጅ ቀጥ አድርጋችሁ ካስያዛችሁ በኋላ በመግጠሚያ ብሎንና ዳዶ ቀስ እያላችሁ ሳቡት። የራሱን ብሎን ሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ አስይዞ መሳብ የዘንጉን ጥርስ ይልጣል፤ ያ ከሆነ ጉዳቱ ከዳምፐሩ ዋጋ ይበልጣል። በመዶሻ መትታችሁ አታስገቡ፦ ምቱ ላስቲኩን ብቻ ሳይሆን ዘንጉን ከፊትና ከኋላ የሚይዙትን ቀጫጭን ኩሽኔታዎችም ያገኛቸዋል። በእሳት ማሞቅም የለም።

ብሎኑን መመሪያው በሚለው ልክ በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ። መጀመሪያ በልክ፣ ቀጥሎ በዲግሪ የሚጠብቅ ከሆነ ብሎኑ በጥብቀቱ የሚለጠጥ ነውና ብዙ ጊዜ በአዲስ መቀየር አለበት። «በክንዴ አውቀዋለሁ» የሚል መካኒክ አከብራለሁ፤ ለዚህ ብሎን ግን ክንዱን አላምነውም።

9. ከገጠማችሁ በኋላ

አዲሱ ላይ ወዲያው መስመር አስምሩ። ሞተሩን አስነስታችሁ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳትረግጡ፣ ስታዩት ቀለበቱ ሳይወዛወዝ መዞር አለበት። የመጠማዘዝ ንዝረት በመሪ ወይም በወንበር እንደማይሰማ ግን አትዘንጉ። ሚኒሞ ላይ ካቢናው ቢንቀጠቀጥ መጀመሪያ የሞተር መቀመጫዎችንና ኖዝሎችን እዩ። በእርግጥ አንድ ኖዝል ሲሰንፍ ግፊቶቹ እኩል መሆናቸው ይቀርና ለዘንጉም አዲስ ንዝረት ይፈጠርበታል፤ ዳምፐሩ ላልተቃኘለት ሥራ ይዳረጋል። ኖዝል ሳያስተካክሉ ዳምፐር መቀየር ግማሽ ሥራ ነው። ፍላይዊል ወይም ፍሪሲዮን ስትቀይሩም የሌላ ሞተር ዕቃ አታስገቡ፤ ክብደቱ ሲለወጥ የዘንጉ ቅኝት አብሮ ይለወጣል።

ሹፌሮች ደግሞ ዳገት ላይ ሞተሩ ከወትሮው የተለየ የጉምጉምታ ድምፅ ሲያወጣ ወይም ከሞተሩ ፊት የማርሽ ጥርሶች መንቀጫቀጭ ስትሰሙ በዚያው ዙር ላይ አትቆዩ፤ ማርሽ ቀንሳችሁ ወይም ነዳጅ ቀንሳችሁ ከዚያች ድምፅ ውጡ። ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱም ሞተሩን ከተፈቀደለት ዙር በላይ እንዳታስጮኹት።

ሰኞ ለባቲ ገበያ የሚወርድ መኪና ከሆነ ማክሰኞ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ መስመሩን አንድ ጊዜ ይመልከት፤ ከዚያ በኋላ ዘይት በቀየረ ቁጥር ይበቃዋል።

አሮጌውን ባለ ላስቲክ ዳምፐር እንዲሁ ለቁራሌው አትስጡ። ቀለበቱን በመጋዝ አንድ ቦታ በጥሱት። አለበለዚያ ታጥቦ፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ በሚቀጥለው ወር እንደ አዲስ ሊሸጥላችሁ ይመጣል። እኔ አንድ ጊዜ የራሴን የጥፍር ቀለም መስመር ከጥቁሩ ቀለም ሥር አግኝቼዋለሁ።